መንታ አርግዤ ማስመለሱ አልቆም አለኝ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህን የምታነቢው ተኝተሽ፣ አጠገብሽ ባልዲ አስቀምጠሽ ሊሆን ይችላል። ስልክ ማየት ራሱ የሚያቅለሸልሽሽ ከሆነ ሁሉንም ለማንበብ አትታገዪ። «ሐኪም ጋ መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?» የሚለውን ብቻ አንብቢና የቀረውን ለባለቤትሽ ወይም ለቅርብ ሰውሽ ስጪው።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልበል። ውሃ እንኳ ሆድ ውስጥ የማያስቀር ማስመለስ ህመም ነው። ህክምናም አለው። ጥርስን ነክሶ መቻል የጥሩ እናትነት መለኪያ አይደለም።

መንታ ስለሆኑ ነው እንዲህ የጠናብኝ?

አንዱ ምክንያት እሱ ነው። መንታ ሲሆኑ የእንግዴ ልጁ ተለቅ ይላል፤ ብዙ ጊዜም ሁለት ነው። ከእሱ የሚመነጩት ሆርሞኖችም በዚያው ልክ ይበዛሉ።

ለብዙ ዓመታት ጥፋቱ የሚጣለው ኤችሲጂ በተባለው ሆርሞን ላይ ነበር። በሽንት ምርመራ እርግዝናን የሚያሳየው እሱ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ግን ትልቁን ድርሻ የያዘው ጂዲኤፍ15 የሚባል ሌላ ሆርሞን መሆኑን አሳየ። ይህን ሆርሞን በብዛት የሚያመርተው የእንግዴ ልጁ ነው። ከዚያ ወደ እናት ደም ይገባና አንጎል ውስጥ ማቅለሽለሽን የሚቀሰቅሰውን ቦታ ይነካል። ከእርግዝና በፊት የዚህ ሆርሞን መጠን በደሟ ውስጥ ዝቅ ያለ የነበረ ሴት፣ ሰውነቷ ስላለመደው ድንገት ሲጨምርባት ክፉኛ ትታመማለች። መንታ አርግዛ ምንም የማይሰማት ሴት ያለችው፣ አንድ ልጅ አርግዛ ሆስፒታል የምትተኛም ያለችው በዚህ የተነሳ ነው።

ማስመለሱ ስለልጆቹ ምንም አይነግርሽም። አንድ ዓይነት መንታ ይሁኑ አይሁኑ፣ ወንድ ይሁኑ ሴት፣ በዚህ አይታወቅም። መንታ መሆናቸውም ቢሆን የሚረጋገጠው በአልትራሳውንድ ብቻ ነው።

ይሄ የተለመደው የጠዋት ማቅለሽለሽ ነው ወይስ ሌላ ነገር?

ከ10 ነፍሰ ጡሮች 7 ወይም 8 የሚሆኑት ያቅለሸልሻቸዋል። አብዛኞቹ ቢያስመልሱም የሆነ ነገር በልተው፣ ጠጥተው፣ ሥራቸውን እየሠሩ ይውላሉ። በነገራችን ላይ «የጠዋት» ቢባልም ቀኑን ሙሉ፣ ሌሊትም ሊመጣ ይችላል።

ከባዱ ዓይነት ሃይፐረሜሲስ ግራቪዳረም ይባላል። ከ100 ነፍሰ ጡሮች ከ3 የማይበልጡት ብቻ ይይዛቸዋል። በመንታ እርግዝና ግን ከዚህ ይበዛል። መብላትና መጠጣት እንደ ወትሮው አይቻልም፣ የቀን ሥራ ይቆማል፣ ክብደት ይቀንሳል። ብዙ ሐኪሞች የሚያዩት አንድ ምልክት ከእርግዝና በፊት ከነበረው ክብደት 5 በመቶ መቀነስን ነው። 60 ኪሎ ከነበርሽ 3 ኪሎ ማለት ነው። እዚያ እስክትደርሺ ግን አትጠብቂ። ሚዛኑ ገና ሳይወርድም መታከም ትችያለሽ።

ሐኪም ቤት ስትሄጂ «በጣም ያመኛል» ከማለት በቁጥር መናገር ይረዳሻል። ባለፉት 24 ሰዓታት ስንት ሰዓት አቅለሸለሸሽ? ስንት ጊዜ አስመለስሽ? ሆድሽ ባዶ ሆኖ ስንት ጊዜ በደረቁ አስጨነቀሽ? ሐኪሞች የህመሙን ክብደት የሚለኩት በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ነው። ስልክሽ ላይ መዝግቢያቸው።

ሐኪም ጋ መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

ለ24 ሰዓት የበላሽውም የጠጣሽውም ካልቆየልሽ፣ ዛሬውኑ ሂጂ። 8 ሰዓት ሙሉ ሽንት ካልመጣ ወይም የሚወጣው ጥቂትና የጠቆረ ከሆነም እንደዚሁ። ስትነሺ የሚያዞርሽ ወይም የሚጥልሽ ከሆነ፣ ልብሽ ያለ ምክንያት በፍጥነት የሚመታ ከሆነ፣ አፍሽና ከንፈርሽ ከደረቀ ሰውነትሽ ፈሳሽ አጥቷል ማለት ነው።

ከማስመለሱ ጋር ትኩሳት፣ ከባድ የሆድ ቁርጠት፣ ሽንት ሲመጣ ማቃጠል፣ ወይም በትውከቱ ውስጥ ደም ካለ ሌላ ችግር ሊኖር ይችላል፤ አትዘግዪ። አንድ እግርሽ ብቻ ካበጠና ካመመሽ፣ ወይም ደረትሽን ወግቶ ትንፋሽ ካጠረሽ ደግሞ ድንገተኛ ክፍል ነው የምትሄጂው። መንታ እርግዝና፣ የፈሳሽ ማነስና ቀኑን ሙሉ መተኛት ሲደራረቡ ደም የመርጋት አደጋ ከፍ ይላል።

ማየትሽ ሁለት ሁለት ከሆነ፣ ስትራመጂ ከተንገዳገድሽ፣ ወይም ቤተሰብ «ንግግሯ ተምታታ» ካለም እንዲሁ ድንገተኛ ነው። ምክንያቱን ስለ ሆስፒታል ስንነጋገር እነግርሻለሁ።

አንድ ነገር ላክል። ሽንትሽን መርምረው «ኬቶን የለም፣ ደህና ነሽ» ብለው ከመለሱሽ እዚያ አትቁሚ። ኬቶን ሰውነት ምግብ አጥቶ ስብ ሲያቃጥል የሚያወጣው ነገር ነው። የኬቶን መኖርና አለመኖር የህመሙን ክብደት በትክክል አይለካም። ምን ያህል እንደምትጠጪ፣ ምን ያህል እንደምትሸኚ፣ ኪሎሽ ስንት እንደወረደ ንገሪያቸው።

ልጆቼ እየተራቡ ነው? ይጎዳሉ?

እናቶችን እንቅልፍ የሚነሳው ይሄ ጥያቄ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፅንሶቹ ገና ትንንሽ ናቸው። የሚያስፈልጋቸውም ትንሽ ነው፤ ከሰውነትሽ ክምችት ይወስዳሉ። ማስመለሱም ቢሆን እነሱን አይመታቸውም፤ ሆድሽ ሲጨማደድ በእንሽርት ውሃ ውስጥ ተጠብቀው ነው ያሉት። እንዲያውም ጥናቶች እንደሚያሳዩት የሚያቅለሸልሻቸው ሴቶች ፅንሳቸው የመጨንገፍ ዕድሉ ከማያቅለሸልሻቸው ያነሰ ነው።

አሳሳቢ የሚሆነው ሳይታከም ሲቀርና ሲራዘም ነው። ለረጅም ጊዜ ክብደት የቀነሰችና መልሳ ያልጨመረች እናት ልጆቿ ክብደታቸው አነስ ብሎ ሊወለዱ ይችላሉ። መንታዎች ደግሞ ድሮውንም ቀድመው የመወለድና የማነስ ዝንባሌ አላቸው። ክብደቷ መካከለኛ የነበረ ሴት መንታ ስታረግዝ እስከ መውለጃዋ ከ17 እስከ 25 ኪሎ ያህል ብትጨምር ይመከራል። አሁን ቁጥሩን አይተሽ አትደንግጪ። ብዙዎቹ ከአራተኛው ወር በኋላ ምግብ ሲቆይላቸው ያካክሱታል። የልጆቹን እድገት በአልትራሳውንድ በየጊዜው መከታተል ነው ዋናው፤ መንታ ስለሆኑ ከሌላው ጊዜ በላይ ይታያሉ።

ምንም አይቆይልኝም። ምን ልብላ?

የቆየልሽን። በዚህ ሰዓት የተመጣጠነ ምግብ የሚባለውን እርሺው። ሦስት ቀን ሙሉ ደረቅ ዳቦ ብቻ ከበላሽ፣ ያ በቂ ነው። ጥፋተኝነት አይሰማሽ።

ከምግብ በፊት ግን ፈሳሽ ይቀድማል። ያለ ምግብ ቀናትን ማለፍ ይቻላል፤ ያለ ፈሳሽ ግን ሰውነት ቶሎ ይጎዳል። አንድ ብርጭቆ ውሃ በአንዴ መጠጣት ሆድን ወጥሮ መልሶ ያስወጣዋል። በሻይ ማንኪያ፣ በየ5 ደቂቃው አንድ ሁለቴ ሞክሪ። ተራ ውሃ ብዙዎችን ያስጠላቸዋል፤ ቀዝቃዛ፣ ጎምዘዝ ያለ ወይም ጨው ያለበት ነገር ይሻላቸዋል። ሎሚ ጠብ ያለበት ውሃ፣ የበረዶ ቁራጭ መምጠጥ፣ የቀዘቀዘ ጭማቂ፣ ቀጠን ያለ የሾርባ ውሃ ሞክሪ። ኦአርኤስ፣ ማለትም በውሃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት፣ ካለ ከሁሉም እሱ ይመረጣል፤ ውሃ ብቻ ሳይሆን ያጣሽውን ጨውም ይተካል። ከሌለ በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ልክ አድርገሽ በጥብጪ። ከዚህ በላይ ጨው መጨመር ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም።

ምግብና መጠጥ አንድ ላይ አትውሰጂ። በመካከላቸው ግማሽ ሰዓት ያህል ይሁን። ሆድሽ ጨርሶ ባዶ እንዳይሆን ደግሞ በየ1 ወይም 2 ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ቅመሺ፤ ባዶ ሆድ ራሱ ያቅለሸልሻል። ከአልጋ ከመነሳትሽ በፊት ብስኩት ወይም ደረቅ ዳቦ ቆርጠሽ ብይ፣ ትንሽ ጋደም በይ፣ ከዚያ ቀስ ብለሽ ተነሺ። ሩዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝ፣ እርጎ ብዙ ጊዜ ይስማማሉ። ቅባትና ቅመም የበዛበት አይስማማም። ትኩስ ምግብ ሽታው ስለሚነሳ ቀዝቀዝ ያለው ይሻላል።

ትላንት የቆየልሽ ዛሬ ላይቆይ ይችላል። ያኔ «ምን አጠፋሁ?» አትበይ። ህመሙ ጠባዩ ነው።

ዝንጅብልስ?

ቀለል ላለ ማቅለሽለሽ ይረዳል። ለከባዱ ግን አይበቃም፤ ደጋግሞ ባስመለሰ ጉሮሮ ላይ ያቃጥላል፣ ቃርም ያባብሳል። «ዝንጅብል ጠጪ» የምትባል በጠና የታመመች ሴት ስንት ጊዜ እንደምትበሳጭ አውቃለሁ። ከረዳሽ ጠጪ። ካልረዳሽ ተይው፣ ሞክረሻል። የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ሐኪምሽን ጠይቂ።

በክንድ የውስጥ በኩል፣ ከእጅ አንጓ መታጠፊያ ሦስት ጣት ያህል ወደ ክርን ራቅ ብሎ ያለውን ቦታ መጫንም አንዳንዶችን ያረጋጋል። አይጎዳም።

መድኃኒት ብወስድ ልጆቼን አይጎዳም?

ይህ ፍርሃት ከባዶ አልመጣም። ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታሊዶማይድ የሚባል መድኃኒት በምዕራብ ጀርመንና በሌሎች አገሮች ተሸጠ። ነፍሰ ጡሮች ለማቅለሽለሽ ወሰዱት። በ1961 ከገበያ እስኪወጣ ድረስ ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳያድግ እንደተወለዱ ይገመታል። ያ ድንጋጤ እስከ ዛሬ ድረስ እናቶችንም ሐኪሞችንም ያስፈራል። ይገባልም።

ግን ዛሬ የሚሰጡት እነዚያ አይደሉም። ለምሳሌ ዶክሲላሚንና ቫይታሚን ቢ6 ተቀላቅለው የሚሰጡበት ኪኒን አለ። በአሜሪካ ከ1983 እ.ኤ.አ. በፊት በሰፊው ይወሰድ ነበር። ክስ ሲበዛበት አምራቹ ራሱ ከገበያ አወጣው፤ ጉዳት ማድረሱ ግን አልተረጋገጠም። ብዙ ከተጠና በኋላ በ2013 የአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እንደገና ፈቀደው። በእርግዝና ጊዜ እንደዚህ የተጠና መድኃኒት ጥቂት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በዚህ፣ ወይም በቢ6 ብቻ፣ ወይም እንደ ፕሮሜታዚንና ሳይክሊዚን ባሉ መድኃኒቶች ነው። እንቅልፍ እንቅልፍ ሊልሽ ይችላል። እነሱ ካልበቁ ብዙዎች ፕላሲል እያሉ የሚጠሩት ሜቶክሎፕራማይድ ይጨመራል። ይህኛው ባብዛኛው ከ5 ቀን ባልበለጠ ጊዜ ነው የሚሰጠው። ዓይንሽ ወይም አንገትሽ ያለ ፈቃድሽ ከተጠመዘዘ አቁሚና ወዲያው ሐኪም ጋ ሂጂ። ኦንዳንሴትሮንም ጠንካራ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሲወሰድ ከ10,000 ሕፃናት በ3 ያህሉ ላይ ተጨማሪ የከንፈር ወይም የላንቃ መሰንጠቅ ሊያመጣ እንደሚችል ስለሚታሰብ፣ ሐኪሙ ጥቅሙንና ጉዳቱን አመዛዝኖ ያዝዘዋል። ሆድ ድርቀትም ያመጣል።

የኔ አቋም ይህ ነው፦ ካለ ሐኪም ትእዛዝ ምንም አትውሰጂ፤ የታዘዘልሽን ደግሞ ፈርተሽ መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጪ። ሳይታከም የሚቀር ከባድ ማስመለስም ጉዳት አለው። መድኃኒቱን ሲብስብሽ ብቻ ሳይሆን በሰዓቱ፣ ሳታቋርጪ ውሰጂ። አንዱ ካልሠራ ሌላ መቀየር ወይም መደረብ ይቻላል። ኪኒኑን ራሱ የምታስመልሺው ከሆነ ምላስ ላይ የሚሟሟ፣ በመርፌ ወይም በፊንጢጣ የሚሰጥ ዓይነት መኖሩን ጠይቂ።

ሆስፒታል ብገባ ምን ያደርጉልኛል?

ግሉኮስ ይሰኩልኛል ብለሽ ይሆናል የምትሄጂው። እዚህ ጋ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በብዛት የሚያስፈልግሽ የጨው ውሃ ፈሳሽ ነው፤ ፖታሲየምሽ ከወረደ እሱም ይጨመርበታል። ለሳምንታት በደንብ ያልበላች ሴት ቫይታሚን ቢ1፣ ማለትም ታያሚን፣ ያልቅባታል። ታያሚን ሳይሰጣት ግሉኮስ ከገባላት አንጎል ሊጎዳ ይችላል። ቅድም ያልኩሽ ሁለት ሁለት ማየት፣ መንገዳገድና መምታታት የዚህ ጉዳት ምልክቶች ናቸው። ስለዚህ «ታያሚን ተሰጥቶኛል?» ብለሽ ጠይቂ፤ አንቺ ካልቻልሽ አስታማሚሽ ይጠይቅ። ይህን መጠየቅ ሐኪምን መድፈር አይደለም።

ደምና ሽንት ይመረመራል። በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ በሐሞት ጠጠር ወይም በስኳር ምክንያት አለመሆኑ ይታያል። የታይሮይድ ውጤትሽ ከፍ ቢል ወዲያው አትጨነቂ፤ ኤችሲጂ ታይሮይድን ስለሚያነቃቃ በመንታ እርግዝና ይህ የሚጠበቅ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም በራሱ ይስተካከላል። ደም እንዳይረጋም መርፌ ሊታዘዝ ይችላል።

ፈሳሽ ካገኘሽ በኋላ ብዙ ጊዜ ቶሎ ይሻልሻል። ከሳምንት በኋላ ተመልሰሽ ብትሄጂ አትፈሪ። ደጋግሞ መተኛት በዚህ ህመም ያለ ነገር ነው።

የእርግዝና ቫይታሚኔን መዋጥ አልቻልኩም።

ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ውስጡ ያለው አይረን ነው። ሐኪምሽን አማክረሽ ለጊዜው አይረን ያለበትን አቁመሽ ፎሊክ አሲዱን ብቻ መውሰድ ትችያለሽ። እሱ በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ባይቀር ይመረጣል። በመንታ እርግዝና የደም ማነስ ስለሚበዛ፣ ሲሻልሽ አይረኑን መመለስ አትርሺ።

ጥርሴ እየተበላሸ ነው፣ ምራቄም ይበዛል።

ካስመለስሽ በኋላ ወዲያው ጥርስሽን አትፋቂ። አሲዱ ያለሰለሰውን ጥርስ ብሩሹ ይፍቀዋል። በውሃ፣ ቢቻል ትንሽ የምግብ ሶዳ (ቤኪንግ ሶዳ) በተጨመረበት ውሃ ተጉመጥመጪ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቦርሺ። ምራቅ መብዛቱም የህመሙ አካል ነው። ሲውጡት ያቅለሸልሻል፤ ስለዚህ ትፊው፣ አትፈሪ። ቃር ካለብሽ ንገሪያቸው፤ እሱን ማከም ማስመለሱንም ይቀንሰዋል።

«ሁሉም ሴት ያለፈችበት ነው» ይሉኛል።

ሁሉም ሴት አላለፈችበትም። ድሮ ሐኪሞችም ሳይቀሩ «እርግዝናውን በልቧ ስላልፈለገችው ነው» ይሉ ነበር። ስህተት ነው። ምክንያቱ በሆርሞንና በዘር የሚወረስ ባሕርይ ነው። የእንግሊዝ ልዕልት ካትሪን እንኳ በሦስቱም እርግዝናዎቿ በዚህ ታማለች፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ሆስፒታል ተኝታለች። የሚንከባከባት ሰው ስላጣች አልነበረም።

ለሳምንታት በጨለማ ክፍል መተኛት ልብን ይሰብራል። ሥራ ይቀራል፣ ትልልቅ ልጆች ካሉ አያገኙሽም። አንዳንዴ «ይሄ እርግዝና በቀረ» የሚል ሐሳብ ሊመጣብሽ ይችላል። ያ ሐሳብ ልጆችሽን አትወጂያቸውም ማለት አይደለም፤ አቅምሽ አልቋል ማለት ነው። ለሐኪምሽ ወይም ለአዋላጅ ነርስሽ ንገሪያት። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ብቻሽን አትሁኚ፣ ሰው ቀስቅሺ፣ ወደ ህክምና ሂዱ።

ባለቤቴና ቤተሰቤ ምን ላድርግልሽ ይሉኛል።

ይህን አሳዪያቸው። ምግብ ከቤት ውጭ ወይም በር ተዘግቶ ይብሰል። ሽቶ፣ የሽንኩርት ቁሌት፣ የቆሻሻ ቅርጫት ይራቁ። «ምን ትበያለሽ?» እያሉ ደጋግሞ መጠየቅ ይቅር፤ የምግብ ስም መስማት ራሱ ያስመልሳል። ትንሽ ነገር አጠገቧ አስቀምጦ ዝም ማለት ይሻላል። ሐኪም ቤት አብሮ የሚሄድ፣ የመዘገበችውን የሚያነብላት አንድ ሰው ይኑር።

እስከ መቼ ነው?

ብዙውን ጊዜ ከ4ኛው እስከ 6ኛው ሳምንት ይጀምርና በ9ኛው ሳምንት ገደማ ይበረታል። አብዛኞቹ ከ16 እስከ 20 ሳምንት ባለው ጊዜ ይሻላቸዋል። ጥቂቶች እስኪወልዱ ይቆይባቸዋል፤ ቢቆይም ቀለል ብሎ ነው ብዙ ጊዜ። አንድ ቀን ድንገት ቀለል ቢልሽ «ልጆቼ ምን ሆኑ?» ብለሽ አትሸበሪ። ደም ወይም ቁርጠት ከሌለ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው፤ ካስጨነቀሽ ግን አልትራሳውንድ ታዪ።

በተቃራኒው፣ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ አዲስ የጀመረ ማስመለስ ሌላ ነገር ነው። በተለይ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር ህመም ወይም የፊትና የእጅ እብጠት ካለ የደም ግፊት ሊሆን ይችላል። በመንታ እርግዝና ይህ ይበዛል። በዚያው ቀን መታየት አለበት።

ደግሜ ባረግዝስ?

የመመለስ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ አንድ ልጅ ብቻ ብታረግዢም። ልዩነቱ በዚያን ጊዜ ዝግጁ ሆነሽ መጠበቅ መቻልሽ ነው። ከማርገዝሽ 1 ወር ቀደም ብለሽ የእርግዝና ቫይታሚን መጀመር ማቅለሽለሹን ሊያቀልለው ይችላል። ሐኪምሽ ፈቃደኛ ከሆነ መድኃኒቱም ምልክቱ ሳይብስ ገና ሲጀምር ሊሰጥሽ ይችላል። ለዚህ እንዲረዳሽ አሁን የሠራልሽን መድኃኒት ስሙንና መጠኑን፣ በስንተኛው ሳምንት እንደጀመረሽና እንደተወሽ፣ ስንት ኪሎ እንደቀነስሽ ጽፈሽ ከክትትል ካርድሽ ጋር አስቀምጪው።